የጋሽ ደግፌ አቡጀዲ

ጋሽ ደግፌ ማረፋቸውን ተካ ደውሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጥፊያቸው ነው። ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት እጄ ወደ ግራ ጉንጬ ሄደ። ጎሮ በሚገኘው አዲሱ የሥራ ቦታዬ በር ላይ ቆሜ ጉንጬን እያሻሸሁ «መቼ?» አልኩት።

«ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፣ እዚሁ ቦሌ ሚካኤል። ትመጣለህ አይደል?»

ተካ የቀድሞ ጎረቤታችን ነው፤ ከጋሽ ደግፌ ጋራዥ ጎን የራሱ ጋራዥ አለው። ድምፁ ውስጥ ጥርጣሬ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ወደዚያ ሰፈር ዝር አላልኩምና አልፈረድኩበትም።

ስለሞተ ሰው ደግ ደጉን ብቻ ማውራት ልማዳችን ነው። እኔ አይሆንልኝም። ጋሽ ደግፌ ተደባዳቢ ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጣቶቻቸው በናፍጣ የጠቆሩ ሰው። ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ካሉት ጋራዦች በአንዱ የናፍጣ ፓምፕና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ እሳቸው ሞተሩን፣ እኔ ኤሌክትሪኩንና ባትሪውን። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ እጃቸውን በሰው ላይ እንዳነሱ ቁጥሩን አላውቀውም። ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጭስ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አስም አለባቸው። ቤታቸው ያው የጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው፤ የመኝታ ቤታቸው መስኮት ከእኔ የባትሪ ክፍል ዐሥር እርምጃ አይርቅም። ያ መስኮት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጎ ነበር። እትዬ ከጀርባው ተቀምጠው፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሚስቡትን ፓፍ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ብዥ ብለን ስንንቀሳቀስ ያዩናል። ሐኪሙ ከዚህ ግቢ ይውጡ፣ አለዚያ ሳንባዎ አይችለውም ብሏቸዋል። «ቤተክርስቲያኔ እዚህ፣ እድሬ እዚህ፣ እናቴን የቀበርኩት እዚህ። ወዴት ነው የምወጣው?» አሉ። ጋሽ ደግፌም «እንግዲያው ጭሱ ይውጣ» አሉ። ሌላ ሰው ቢለው የንዴት ንግግር ነው። እሳቸው ግን በማግስቱ ሥራ ጀመሩ።

ሥራው በአቡጀዲ ነው። ሰው ሲሞት የሚገነዝበትን ዓይነት ነጭ አቡጀዲ በጣቃ ገዝተው በክንድ ልክ ይቀዱታል። ወደ ጋራዡ የመጣ መኪና ሁሉ፣ የመጣው ለፍሬንም ይሁን ለመብራት፣ መጀመሪያ ማርሚታ በሚሉት የጭስ ማውጫ አፍ ላይ አቡጀዲ በሽቦ ይታሰርለታል። ከዚያ ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል። እስከ መቼ? ጋሽ ደግፌ ዓይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ እስኪጨርሱ። በሰዓት አያምኑም ነበር። እኔ ከሆሳዕና የመጣሁ ጴንጤ ነኝና «ጋሼ፣ በእኛ ሰዎች ጸሎት ቢሆን እኮ ሞተሩ ተቃጥሎ ያልቅ ነበር» እላቸዋለሁ። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «ዝም በልና አስረግጠው!» ይሉኛል።

አሜን ሲሉ ጨርቁ ይፈታል። ነጭ ከሆነ መኪናው ወደ ሥራ ይገባል። ከጠቆረ ግን ባልቆሸሸው ጫፉ ላይ የባለመኪናው ስም በማርከር ይጻፍና በመንገድ በኩል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ በሚስማር ይመታል፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። የሚወርደው ሞተሩ ተሠርቶ ሁለተኛው አቡጀዲ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነው። ስሙን የሚጽፈው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው። «እኔ ከጻፍኩት ስም ማጥፋት ይሆናል። ራሱ ሲጽፈው ግን ጥፋቱን አመነ ማለት ነው» ይሉ ነበር። በዚህ ሕግ ቀልድ የለም።

አልጽፍም ያለ ሰው ወዮለት። ግርማ የሚባል የሃያ ሁለት ሰፈር መስመር ሚኒባስ ሹፌር አልጽፍም ማለቱ አንሶ ጨርቁን ከእጃቸው መንጭቆ መሬት ላይ ረገጠው። «ጭስ ካስጠላዎት ገዳም አይገቡም እንዴ!» አለ። አፉን ሳይዘጋ የጎማ መፍቻቸው የሚኒባሱን የፊት መብራት ሰባበረው። ግርማ ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው፤ አንገታቸውን አንቆ ከአጥሩ ጋር አጣበቃቸው። ጋሽ ደግፌ በግንባራቸው አፉን መቱት። የአጥንቱን ድምፅ እኔ ካለሁበት ሰማሁት። ደሙ ቱታቸው ላይ፣ አቡጀዲው ላይ፣ የተካ ጫማ ላይ ተረጨ። ልገላግል ገብቼ እኔም ክርን ቀመስኩ። ግርማ በጀርባው ወደቀ፤ ጋሽ ደግፌ ደረቱ ላይ ተቀመጡና የጎማ መፍቻውን ከጭንቅላታቸው በላይ አነሱ። ይገድሉታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያኔ ከመስኮቱ ጀርባ ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ የማያቋርጥ፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ ሳል። ዓይኔን ስገልጥ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል።

ይቺን ነገር ስንቴ አይቻታለሁ። የተነሳው እጅ አየር ላይ ይቀራል፣ ፊታቸው ይገረጣል፣ የያዙትን ጥለው ወደ ቤት ይሮጣሉ። ድንጋጤና ጩኸትም የእትዬን አስም ይቀሰቅሰዋል። «አንተ ሰው ትመታለህ፣ ትንፋሽ የሚያጥረኝ እኔ ነኝ» ይሏቸዋል እትዬ። ጋሽ ደግፌ ይሄን ሲሰሙ እንደ ሕፃን ያፍራሉ። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ሰው ይመታሉ።

ከግርማ ጋር ሽማግሌ ገባ። ጋሽ ደግፌ ተነስተው «ለጥርሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ድንጋይ ተሸከም ካላችሁኝም እሸከማለሁ። ለጭሱ ግን ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው» አሉ። ግርማ ጥርሱ በጎደለ አፉ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው እንጃ። ከዚያ ስሙን ጻፈ፣ ኖዝሎቹን በእሳቸው እጅ አሠራ፣ ነጩን አቡጀዲ ጋቢና ውስጥ አንጠልጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጋሼ የሚላቸው ከልቡ ነበር።

የእኔ ጥፊ የመጣው በባትሪ ነው። የድሮው ባትሪ፣ ያ በአሲድ የሚሠራው፣ ሲደክም የምናድስበት ዘዴ አለን። ከሥሩ በድሪል ይበሳል፣ አሲዱ ይፈሳል፣ ውስጡ የተጠራቀመው ጭቃ በውኃ ታጥቦ ይወጣል፣ ቀዳዳው ተደፍኖ አዲስ አሲድ ይሞላል። በዚህ ሥራ ስም ነበረኝ፤ ከገርጂ ድረስ ተሸክመው ያመጡልኝ ነበር። አንድ ቀን ሰንፌ አሲዱን ወደ በርሜሉ መውሰድ ትቼ እትዬ መስኮት ሥር ወዳለው ቱቦ ደፋሁት። ሽታው ገና ሳይነሳ ጥፊው ደረሰ። ጉንጬም ጆሮዬም አንድ ላይ ጮኹ፤ ወደቅኩ። ሊደግሙኝ ነው ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

«አስካለ የምትተነፍሰው ይሄን ነው! ይሄን!» አሉ። ከዚያ አቡጀዲ ቀደው ቱቦው ውስጥ ነከሩና ከማርከሩ ጋር ሰጡኝ። «ምሕረቱ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። አንድ ወር ሙሉ ከሚኒባሶቹ መሃል ተሰቅዬ ኖርኩ። ተናድጄባቸው ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ሰው በጥፊ አይማርም። ግን እውነቱን ልናገርና አሲድ ደግሜ ቱቦ ውስጥ አልደፋሁም።

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አዲስ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ሰሞን የሰፈሩ ጋራዦች ሁሉ ሐዘን ተቀመጡ። ኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይቀይር፣ ኖዝል አያሠራ፤ ታዲያ ምን ልንበላ ነው? ጋሽ ደግፌ ብቻ ያንን መኪና በዓይናቸው እስኪያዩ ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ኤልያስ የሚባል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል የሚሠራ ደንበኛችን አዲሱን ኤሌክትሪክ መኪናውን እያንሸራተተ መጣ። ድምፅ የለውም። ጋሽ ደግፌ አቡጀዲና ሽቦ ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ተንበረከኩ፣ ቀጥለውም በጀርባቸው ተኝተው ከሥሩ ገቡ።

«ማርሚታው የታለ?»

«የለውም ጋሼ።»

«የለውም ማለት? ጭሱ በየት ይወጣል?»

«ጭስ የለውማ!»

ሲወጡ እየሳቁ ነበር። ጥርሳቸውን እስከ መንጋጋቸው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኤልያስን ከእትዬ መስኮት ሥር ወዲያና ወዲህ እንዲነዳ አዘዙት። አቡነ ዘበሰማያት አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ ደገሙ። ቀጥለው በቢላ የመስኮቱን ፕላስተር ዙሪያውን ቀደዱት። መስኮቱ ተከፈተ። እትዬ አስካለ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አየሩን በዝግታ ሳቡት። እኛ ሁላችን ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። አልሳሉም።

«ደግፌ» አሉ፣ «ጥዱ ይሸተኛል። የቤተክርስቲያኑ ጥድ።»

ጋሽ ደግፌ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያጨስ መኪና ወደ ግቢው አይገባም፤ ናፍጣውን ከበር ውጭ መንገድ ዳር ሆነው ነው የሚሠሩት። መስኮቱም ጠዋት ተከፍቶ እስኪመሽ ክፍት ይውላል።

ተካ ይሄን ሲያይ ደሙ ፈላ። አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። በራችን ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮኸ። «የራስዎን ሙያ በራስዎ እጅ ይቀብራሉ? ደግሞ ጭስ የለውም ይላሉ! ባትሪው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ያጨሰው የት ሄደ? ማዕድኑ ሲቆፈር አቧራውን የሚውጠው ማን ነው? ሰው አገር አንዲት አስካለ አትስልም?»

የእትዬን ስም መጥራት አልነበረበትም። ጋሽ ደግፌ በቡጢ ዓይኑን መቱት። ተካ በያዘው ካቻቪቴ ትከሻቸውን ወጋቸው። ተያይዘው ቱቦው ውስጥ ወደቁ፤ ስናወጣቸው ደም ከጭቃ ጋር ተለውሶ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። የእትዬ ሳል ባይሰማ አንዳቸውን አንቀብርም ነበር አልልም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደግፌ ትከሻቸው በፋሻ ታስሮ ወደ እኔ መጡ። «ተካ ልክ ነው» አሉኝ። «ምኑ?» አልኩ። «ሰው አገር አንዲት አስካለ ትስላለች።» ከዚያ ቀጥ ብለው ተካ ጋራዥ ሄዱና ያበጠ ዓይኑ ፊት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። «ያንን ነገር እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ» አሉት። ተካ መጀመሪያ ሰደባቸው። ቀጥሎ ድገም ያሉትን ደገመላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱ ሲከራከሩ ዋሉ፤ ያለ ቡጢ።

ጋሽ ደግፌ የሰሙትን በራሳቸው ዓይን ካላዩ አያርፉም። አቡጀዲ ቀደው ከኤልያስ መኪና ከኋላ ጎማ ጀርባ አሰሩና ሃያ ሁለት ደርሶ እንዲመለስ ላኩት። ባትሪው መኪናውን ያከብደዋል፤ የከበደ መኪና ደግሞ ጎማውን ቶሎ ይበላዋል። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ተመለሰ።

«ጻፍ» አሉት ማርከሩን እየሰጡ።

«ጋሼ፣ የእኔ እኮ ኤሌክትሪክ ነው!»

«ጎማ የለውም? ጻፍ።»

ኤልያስ እያጉረመረመ ጻፈ። ግራጫውን ከአንድ የናፍጣ መኪና ጥቁር ጨርቅ ጎን መቱትና ወደ ኋላ ሸሽተው አዩአቸው። «የትኛው ይሻላል ካላችሁኝ ዓይን ያለው ይፍረድ፤ ግራጫው ይሻላል። የእኛ አገር መብራት ከወንዝ ነው የሚመጣው። የእኔዋ አስኩም በዚህኛው ትተነፍሳለች። ግን ይሄም ነጭ አይደለም። ነጭ ነው የሚለኝ ሰው እዚህ ይምጣና ስሙን ይጻፍ።» ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «ባትሪው ሲሞት የት ነው የሚቀበረው?» ማንም አያውቅም። እሳቸውም አላወቁም። ጥያቄው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል ይሉኝ ነበር።

አንድ ነጋዴ ከተገለበጠ ኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ባትሪ በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣ። ፍራሽ ያክላል። መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚያበራበት ነገር እንድሠራለት ነበር የፈለገው። ጋሽ ደግፌ ባትሪውን ዞር ዞር ብለው አዩትና «እስክናውቀው ድረስ ማንም አይነካውም። ነገ መጥተህ ውሰድልኝ» አሉት። ለእኔም ጣታቸውን ቀስረው «ምሕረቱ፣ እጅህን ሰብስብ!» አሉኝ። ባትሪው ለአንድ ቀን እኔ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ።

እኔ ባትሪ የማላውቅ? ከገርጂ ድረስ የሚመጡልኝ ሰውዬ? ባትሪ ያው ባትሪ ነው አልኩ በልቤ። ጋሽ ደግፌ ለምሳ ወደ ቤት ሲገቡ ክዳኑን ፈታሁት። ውስጡ በረድፍ የተደረደሩ ጠፍጣፋ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱ ሆዳቸው ተነፍቷል። በእኔ ሙያ ሆዱ የተነፋ ባትሪ ውስጡ ቆሻሻ ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ ይበሳል፣ ይፈሳል፣ ይታጠባል። ድሪሉን አነሳሁ። ከተነፉት አንዱን በሳሁት።

መጀመሪያ ፉጨት ሰማሁ። ከዚያ ነጭ ጭስ ከቀዳዳው በኃይል ወጥቶ ፊቴን መታኝ፤ ጉሮሮዬ የተላጠ መሰለኝ። ወዲያው እሳት ተከተለ። ባልዲ ውኃ ደፋሁበት፤ ተበሳጭቶ ይተፋ ጀመር። አንዱ ፈነዳ፣ ጎኑ ያለው ተቀበለው፣ የጋለው ቁራጭ ጣሪያውን እየመታ ይመለሳል። ጭሱ መጀመሪያ መሬት ለመሬት ተሳበ፤ ከዚያ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ተከፈተው መስኮት ገባ።

እትዬ! አልኩ። ጮክ ብዬ ይሁን በልቤ አላውቅም።

ጋሽ ደግፌ እትዬን በጀርባቸው አዝለው በጭሱ መሃል ወጡ። በር ላይ ለተካ አስረከቧቸው። እዚያው መቆም ይችሉ ነበር። የሚስታቸው ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል፣ ሳላቸው ግቢውን ሞልቶታል፤ ያንን ትቶ የሚመለስ ባል የለም። እሳቸው ተመለሱ።

እኔ ሌላ ባልዲ ይዤ ነበር። «ውጣ!» አሉኝ። «አጠፋዋለሁ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው!» አልኩ። ምን እንዳሰብኩ ዛሬም አይገባኝም። ሳላጠፋው ከወጣሁ ጥፋቴ ይታያል ብዬ ይሆናል። መንጋጋዬን መቱኝ፤ ባልዲው ወደቀ። ሆዴን መቱኝ፤ ተጣጥፌ ቀረሁ። እትዬ ከበሩ ውጭ ሲስሉ እንሰማለን፣ ሁለታችንም እንሰማለን። በዚያ ሳል የማይቆም እጅ አልነበራቸውም። ያን ቀን አልቆመም። ሦስተኛውን ቡጢ አላስታውሰውም። የማስታውሰው በጸጉሬና በአንገትጌዬ መሬት ለመሬት ሲጎትቱኝ ነው። ከኪሳቸው አቡጀዲ አውጥተው በመዳፋቸው አፍና አፍንጫዬ ላይ ደፈኑት። የራሳቸውን አፍ በምንም አልሸፈኑም። ያንን ሁሉ መንገድ በአፋቸው እያለከለኩ ነው የሳቡኝ።

የእኔ ክፍል ተቃጠለ፤ የቤታቸው አንድ ግድግዳ ጠቆረ። እትዬ ሆስፒታል ከርመው ወጡ። ጋሽ ደግፌ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይስሉ ነበር። ፖሊስ መጥቶ ባትሪውን የነካው ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ «እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ። የሚያውቅ ሰው ራሱ ይናገር» አሉና እኔን አዩኝ። እኔ መንጋጋዬ አብጧል፣ አፌ አይከፈትም ብዬ ዝም አልኩ። ይከፈት ነበር። በሳምንቱ ጎሮ ሥራ አግኝቻለሁ ብዬ ሄድኩ።

ሰባት ወር አልተመለስኩም። ታመሙ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ ሲባል እሰማለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ዝናብ ነው፣ ሥራ አለ፣ ራሴን ያመኛል። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ግርማ አለ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስተክሏል። ኤልያስ አለ፣ ተካ አለ፣ በአቡጀዲ ላይ ስማቸውን የጻፉ ሹፌሮች ሞልተዋል። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ከዚያ ግርማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የበላቸው ያ የኤሌክትሪክ ጉድ ነው! አርባ ዓመት ናፍጣ አሽትተው ምን ሆኑ?»

«አርባ ዓመት ያሸተቱት ናፍጣ እኮ ነው ሳንባቸውን የጨረሰው!» አለ ኤልያስ። «ለእናንተ ጭስ ባትሪ ሰበብ ሆነላችሁ!»

«የሞቱትን ሰውዬ ለመኪናህ ማሻሻጫ ታደርጋቸዋለህ?»

ግርማ አንገቱን ያዘው። ኤልያስ በጭንቅላቱ መታው። ወንበር በአየር ላይ በረረ፤ የእድሩ ሰዎች ሊገላግሉ ገብተው አብረው መደባደብ ጀመሩ። ተካ ከአንዱ ጋር ተያይዞ የድንኳኑን ምሰሶ ነቀለው፤ ሸራው ጭንቅላታችን ላይ ተንጋደደ። ግማሹ ነዳጅ ነው የገደላቸው ይላል፣ ግማሹ ባትሪ ነው ይላል፤ ጋሽ ደግፌን ከቀበርን ሁለት ሰዓት አልሞላንም።

ሳሉ ያኔ ተሰማ። ደረቅ፣ የማያቋርጥ፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ። የተነሳው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። የግርማ፣ የኤልያስ፣ የተካ፣ የሁሉም። ማንም አልነገራቸውም፤ ከጋሽ ደግፌ አይተው የተማሩት ነው። እትዬ ፓፋቸውን ሁለት ጊዜ ሳቡ። ከዚያ በሰው መሃል እኔን አዩኝ።

«ምሕረቱ።»

«አቤት እትዬ።»

«መጣህ?»

ተነሳሁ። «የገደላቸው ናፍጣም ኤሌክትሪክም አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። አትንካ ያሉኝን ባትሪ በድሪል የበሳሁት እኔ ነኝ። እሳት ውስጥ ገብተው ያወጡት እኔን ነው። ሰባት ወር ዝም አልኩ።»

የግርማ እጅ ከኤልያስ አንገት ወረደ። ያ ሁሉ ተደባዳቢ ፊት ለፊቴ ቆሟል። አንዳቸው እንዲመቱኝ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ግራ ጉንጬን አዞርኩላቸው። ማንም አልመታኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥፊ አምሮኝ አያውቅም።

እትዬ ከጉያቸው የታጠፈ ጨርቅ አወጡና ዘረጉት። አቡጀዲ ነው። ጥቁር፣ መሃሉ ላይ የአፌ ቅርጽና የደረቀ ደም ያለበት፣ ጫፉ ግን ነጭ። ከውስጡ ማርከር ወደቀ።

«ትራሱ ሥር ነበር» አሉኝ። «ስሙን ልጻፍበት ወይ ስለው፣ ተይ፣ ባለቤቱ ይመጣል አለኝ። በዚያ ሁሉ ሳል መስኮቱን እንዳልዘጋ ከለከለኝ። ሲመጣ ልየው ነው ይለኝ ነበር። እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ።»

አለቀስኩ። ያለ እፍረት፣ እንደ ልጅ፣ እግራቸው ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ነጩ ጫፍ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ተካ መዶሻ አመጣልኝ። አጥሩ ላይ፣ ግራጫውና ጥቁሩ ጨርቅ ካሉበት ከፍ አድርጌ መታሁት።

አሁን ተመልሼ እዚያው ነው የምሠራው። ባትሪ አልበሳም። የተጎዳ ሲመጣ ከግቢ ውጭ አስቀምጬ ባለቤቱን «ሲሞት የት ነው የሚቀበረው?» እለዋለሁ፤ እስካሁን መልስ ያለው አልመጣም። የእትዬ መስኮት ጠዋት ይከፈታል። ሌሎቹ ጨርቆች ይሰቀላሉ፣ ይወርዳሉ፤ የእኔ አልወረደም። እንዲወርድ ሁለተኛው ነጭ መውጣት አለበት፤ ያንን ከየት እንደማመጣው አላውቅም። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ቀና ብሎ ያየዋል። «ይሄ የየትኛው መኪና ጭስ ነው?» ይለኛል።

«የመኪና አይደለም» እለዋለሁ፣ «የእኔ ነው።»